የቆዳ ገበር ያለው ኪስ

«ምስማር ኪስ ይበሳል… ከውስጥ የቆዳ ገበር ካላደረግሽበት በሳምንቱ ይቀደዳል!»

ጋሽ ሜትር ናቸው… ኮቱን ከእጄ ቀምተው።

የአልባሳት ክፍላችን አንጋፋ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትር አይዙም… ሰውን በዓይናቸው ለክተው ይጨርሳሉ። ስሙን ያወጣንላቸው ለሹፈት ነው።

እኔ የልብስ ቁልፍ እተክላለሁ… ሲተርፈኝ ይሄን ፔጅ አንቀሳቅሳለሁ።

የምንሰፋው ለቲቪ ድራማ ነበር። ወጣቶች ተሰልፈው የሚገዙት ስድስት ቅጽ ልብወለድ አለ… ስለ ጥንት ግሪክ አማልክት። እሱ ወደ ድራማ እየተቀየረ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ… የአንዲት ልጅ እውነተኛ አባት የነፋስ አምላክ ነው። የእንጀራ አባቷ ደግሞ ነፋሱ ገብቶ ልጅቷን እንዳይወስድበት የቤቱን መስኮት ሁሉ በምስማር ይቸነክራል።

በአስራ ስምንት ዓመቷ መስኮቱን ሰብራ ትበራለች… አንባቢ ያጨበጭባል።

እኔም አጨብጭቤያለሁ። ያን ሰውዬ እንዴት እንደጠላሁት!

የተላከልን ወረቀት «የእንጀራ አባት፦ ጨካኝ። ቡናማ ኮት። ኪሱ ምስማር የሞላ» ይላል። ስለ ገበር ምንም አይልም።

«ጋሼ፣ ካሜራ የኪስ ውስጥ አያይም እኮ!» አልኳቸው።

«ተዋናዩ እጁን ይከትበታል» አሉና ቆዳውን መቁረጥ ጀመሩ።

የአማልክቱን ወርቃማ ካባ እንኳ ለኔ ሰጡኝ… ለቁልፍ ተካይ! ይሄን ኮት ግን ለማንም አላስነኩም።

ልብሱ በተዋናዮቹ ላይ የሚታይበት ቀን ደራሲዋ ራሷ ትመጣለች ተባለ።

ያን ቀን ጠዋት ጋሽ ሜትር የስፌት ማሽናቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ» አሉ።

ውጭ ደመና ነበር…

ደራሲዋ ከዳይሬክተሩ ጋር ገባች። ወደ አርባ የተጠጋች፣ ቀጭን፣ ብዙ የማትስቅ ሴት ናት። ተዋናዩ ኮቱን ለብሶ ቆመላት።

ዞራ አየችው። እጅጌውን ነካች። ከዚያ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች…

እጇ እዚያው ቀረ።

«ይሄን ቆዳ ማን አደረገው?»

«እ… እዚሁ ነው የተሰፋው» አልኩ፣ ያጠፋን መስሎኝ።

«መጽሐፉ ላይ የለም። እኔ አልጻፍኩትም። ልጅ ሆኜ እጄን የምከትበት ኪስ ነው ይሄ…»

የስፌት ማሽኑ ቆመ።

ጋሽ ሜትር ቀስ ብለው ዞሩ። ከእግር እስከ ራሷ አንዴ አዩአት… በዓይናቸው ለኳት።

«ከስተሻል» አሉ።

ለካ ያ ሁላችን የጠላነው የእንጀራ አባት… አራት ዓመት አብረውን ምሳ የበሉት ጋሽ ሜትር ኖረዋል!

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ምንም የለም… ሁለቱም ደንዝዘው ቆሙ። እኔ እጄ ላይ ያሉትን ቁልፎች እቆጥር ነበር… ዘጠኝ ናቸው።

«መስኮቱን ለምን ቸነከርከው ጋሼ?» አለች። ሰዓት የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው።

«በእንቅልፍሽ ትነሺ ነበር።»

«ምን?»

«እናትሽ ከሞተች በኋላ ጀመረሽ። አራት ዓመትሽ ነበር። ሳትነቂ ተነስተሽ እሷን ፍለጋ መስኮት ትከፍቻለሽ… ቤታችን ደግሞ አራተኛ ፎቅ።»

ጋሽ ሜትር መርፌ ላይ ክር እየከተቱ ቀጠሉ።

«መጀመሪያ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር የማድረው። ሦስት ሳምንት። አንድ ቀን እንቅልፍ ጣለኝ… ስነቃ እግርሽ የመስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። በማግስቱ ምስማር ገዛሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንቅልፍ የሚፈራ ልጅ አይተኛም ብዬ… ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«አስራ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ?»

«በእንቅልፍሽ መነሳቱን መተውሽን በምን ልወቅ? እፈራ ነበር… እሱ የኔ ጥፋት ነው።»

ደራሲዋ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «ይሄ ሰውዬ ክፉ አይሁን። ይቀየር።»

«እህቴ፣ ስክሪፕቱ አልቋል! ስድስት ቅጽ ሙሉ ክፉ ያደረግሽው ደግሞ አንቺ ነሽ…»

እውነቱን ነው።

ጋሽ ሜትር ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ። «ተዪው… ልጆች የሚጠሉት ሰው ያስፈልጋቸዋል» ብለው ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

እሷ ግን አልተወችም። ስትለምነው ውላ ዳይሬክተሩ ሠላሳ ሰከንድ ሰጣት። ንግግር የሌለበት ሠላሳ ሰከንድ…

ድራማው በቲቪም በኢንተርኔትም ሲተላለፍ አልባሳት ክፍል ተሰብስበን አየነው።

ሰውየው መስኮቱን ቸነከረ። ኮሜንቱ ስድብ በስድብ ሆነ።

ከዚያ መዶሻውን እንደያዘ ከተቸነከረው መስኮት ሥር ተቀመጠ… ፊቱን ወደ ልጅቷ አልጋ አዙሮ። በቃ። ሠላሳ ሰከንድ።

«ትከሻው ትንሽ ሰፍቶበታል» አሉ ጋሽ ሜትር። ስለ ኮቱ ነው።

ደራሲዋ አጠገባቸው ነበረች። አልተቃቀፉም፤ አልተላቀሱም። እጇ ግን ጋሽ ሜትር በለበሱት አሮጌ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር…

እስከ ዛሬ ከድራማው ሥር ሰው የሚጠይቀው «ያ ክፉ ሰውዬ ለምን እዚያ ተቀመጠ?» እያለ ነው። እኔ እዚያ አልመለስኩም። እናንተ አሁን አወቃችሁ።

ትምህርቱ… ያላሳደገን አባት ከሩቅ አምላክ ይመስላል፤ ያሳደገን ግን አብሮን ስለኖረ ጥፋቱን ሁሉ እናውቃለን። የተዘጋብን መስኮት ሁሉ እስር ቤት አልነበረም። ወላጆችም ስሙ! ምክንያቱን ሳይነግሩ መዝጋት ያስከፍላል… ጋሽ ሜትር ሃያ ዓመት ያለ ልጅ ኖረዋል።

እናንተስ… አንዴም «ለምን?» ብላችሁ ሳትጠይቁት በልባችሁ ክፉ አድርጋችሁ የጻፋችሁት ሰው ማነው? ኮሜንት ላይ ስለሱ ከመጻፋችሁ በፊትስ… ለራሱ ብትደውሉለት?