የኪሩቤል ሳል

የከተማው ሁካታ ሰዉን እንቅልፍ ስለነሳው፣ ነዋሪው ሁሉ የጆሮ መጋረጃ እንዲያደርግ ከታዘዘ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሽንብራ የምታህል እቃ ናት፤ ንግግር ብቻ ታስገባለች፣ ሌላውን ድምፅ ታስቀራለች። በእንቅልፍም አትወልቅም። ማውለቅ የሚፈቀደው እሑድ ከሰዓት በኋላ በመናፈሻው በሚቀርበው ነጻ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ብቻ ነው።

ስድሳ ዓመት ያለፋት ሶልያና ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባሏ ከኪሩቤል ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ክራሩ ሲጀምር ሁለቱም መጋረጃቸውን አወጡ። ዘፋኟ ሞቅ ያለ ዜማ ስታነሳ ሶልያና እንደ ልጅነቷ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። ጭብጨባው ጋብ ሲል ግን አጠገቧ የሚያፏጭ ነገር ሰማች። የባሏ ደረት ነበር። ቀጥሎ ሳሉ ተነሳበት፤ ቶሎም አልለቀቀው።

“ኪሩ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከክረምት ወዲህ።”

“አንድ አልጋ ላይ እየተኛን?”

“ቀን ሲነሳብኝ ጓሮ እወጣለሁ። ሌሊት ደግሞ አትሰሚም። ምን ላስጨንቅሽ ብዬ ነው።”

ጠዋት ጠዋት ትራሱ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሞ ስታገኝ፣ አልጋ ማንጠፍ አትችልም እያለች ትቆጣው ነበር። ለካ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው።

ሙዚቃው አልቆ ሲወጡ በሩ ላይ የቆመችው ጥበቃ፣ “እማማ፣ መጋረጃዎን ያድርጉ” አለቻት።

“አላደርግም፣ ልጄ” አለች ሶልያና፣ መጋረጃዋን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። “ነገ ሐኪም ጋ እስክወስደው ድረስ ሲተነፍስ መስማት አለብኝ።”

ጥበቃዋ ኪሩቤልን አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ አሳለፈቻቸው።