የካፒቴን ባሕር

«አንቺ ባሕርን የምታውቂው በሰርዲን ቆርቆሮ ነው፤ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» አላት ካፒቴን ሚስቱን፣ ውሃው ጫማህን እንዳይወስደው ብትለው።

ምጽዋ ላይ አሥር ዓመት የባሕር ኃይል መኮንን ነበርኩ ስለሚል፣ ሠፈሩ ሁሉ ካፒቴን ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «የደረቅ አገር ሰው» እያለ ሲንቃት ሚስቱ የቻለችው ለዚያ ማዕረግ ብላ ነው። አሁንም የምጽዋን የድሮ ቤቶችና የባሕሩን ዳርቻ ተዝናንተው ሲጎበኙ አፉ አላረፈም።

ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎት ነቃ። ጫማው በቦታው አለ፤ ባሕሩ ግን ወደ ኋላ ርቋል።

«ውሃው ደረቀ እንዴ?» ሲል ባሕሩ ዳር የተቀመጠችውን ሻይ ሻጭ ጠየቃት።

«ኧረ ምን ደረቀ፣ አባባ፤ ሁሌም ይሸሻል፣ ሁሌም ይመለሳል።»

«ሁሌም?» አለ ካፒቴን።

ሚስቱ ከነጠላዋ ላይ አሸዋውን አራገፈች። ቦርሳዋን አንስታ ወደ አስመራ የሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ገባች። አውቶቡሱ ሲነሳ ካፒቴን ገና ውሃው የነበረበትን ቦታ ያያል።