ከአንድ ግንድ የተጠረበች መርከብ

የጣሊያኑ ሹም ኮልፌ ቤቴ ድረስ መጥቶ የመርከብ ፎቶግራፍ ሰጠኝ። «በጦርነት የሰመጠች ናት። በትንሹ ቅረጽልኝና መስታወት ገንዳ ውስጥ አስምጣት፤ ልጅህን አስመልስልሃለሁ» አለኝ። ልጄን ሰብስቤን በመርከብ ካጋዙት ዓመት አልፎታል።

እጄ እስኪቆስል ከዋንዛ ግንድ ጠረብኳት። ሹሙ ሊወስዳት በሚመጣበት ቀን ድንጋይ አስሬ ውሃው ውስጥ ከተትኳት። አረፋ ይወጣት ጀመር፤ እስከ ቀትርም አላቋረጠም።

«ውስጧን ፈልፍለኸው ነበር?» አለች ባለቤቴ ወለተጻድቅ።

«ኧረ ድፍን እንጨት ናት!»

ያኔ ከመርከቧ ውስጥ ተንኳኳ፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በጥፍር መቧጨር። ሰብስቤ ከሥራ ሲገባ በራችንን እንዲያ ነበር የሚያንኳኳው።

«መጣሁ ልጄ!» ብላ ወለተጻድቅ መጥረቢያዬን አነሳች።