የካዝናው ቁጥር

ስሞቹንና ቀኖቹን ላሳስት እችላለሁ፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

በባሊክሮን ከተማ አሮጌ ቤት ሥራ ይቀይራል እንጂ አይፈርስም። ፍርድ ቤቱ የዳንስ አዳራሽ ሆነ። ፖሊስ ጣቢያው የጥርስ ሐኪም ቤት ሆነ፤ ጩኸቱ ግን አልቀረም። ባንኩን ደግሞ ዲምፕና የምትባል ሴት ገዝታ መጠጥ ቤት አደረገችው። ውስኪዋን የምታስቀምጠው በድሮው የካዝና ክፍል፣ ከብረቱ በር ጀርባ ነበር።

በሩ የሚከፈትበትን ቁጥር የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የባንኩ ጸሐፊ የነበሩት ባርትሊ።

«ለማንም ላልናገር ምያለሁ» ይላሉ።

ስለዚህ ረፋድ ላይ ከረባታቸውን አስረው ይመጣሉ። ዲምፕና «ፊታችሁን ወደ ግድግዳ!» ብላ ትጮኻለች። ጠጪው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ይዞራል።

«ኧረ ፈጠን ይበሉ ባርትሊ፣ ግድግዳውን በቃሌ ያዝኩት!» ይላል አንዱ።

ባርትሊ የቁጥሩን መዘውር ወዲህ ወዲያ ያሽከረክራሉ፤ በሩ ይከፈታል። ከዚያ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሾርባቸውንና አንድ ጥቁር ቢራ ይጠጣሉ፤ በነፃ። ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሰው የለም።

ሰኞ ሰኞ የሚስታቸውን መቃብር ለመጎብኘት ስለሚሄዱ አይመጡም። ያም ሆኖ ሰኞ ዕለት ውስኪ ፈልጎ ሳይጠጣ የተመለሰ ሰው የለም።

አሳላፊው ኮልም የዲምፕና የወንድም ልጅ ነው። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ።

«አክስቴ፣ እኚህ ሽማግሌ እየተጫወቱብሽ ነው። ከጎልዌይ ከተማ ቁልፍ ሠሪ ይምጣና ቁጥሩን ይቀይር። ነገ ቢሞቱ ውስኪሽን ይዘው ነው የሚቀበሩት!»

«ቁልፍ ሠሪ ከሾርባ ይወደዳል። ብርጭቆህን እጠብ።»

ባርትሊ ሰምተው ኖሮ ማንኪያቸው አየር ላይ ቆመ።

«ልቅር እንዴ ዲምፕና?»

«ምን ሆነው ነው የሚቀሩት? ማን ሊከፍትልኝ!»

ኮልም ግን አልተወም። በሚቀጥለው ሰኞ ዲምፕና ገበያ እንደወጣች ቁልፍ ሠሪውን አስመጣ። ሰውየው በሩን አየ፤ ሳቀ፤ ለኮልም በጆሮው አንድ ነገር ነገረውና ዕቃውን እንኳ ሳይፈታ ሄደ።

ማክሰኞ ባርትሊ ከረባታቸውን አስረው ገቡ። ከሁሉ ቀድሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ኮልም ነበር። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ከባሊክሮን ወሬ አልሰማሁም።

ቁልፍ ሠሪው ያን ሰኞ በኮልም ጆሮ ያለው ይህን ነው፦ «ልጄ፣ የዚህን በር ቁልፍ አክስትህ ቤቱን የገዛች ሳምንት እኔው ራሴ ከውስጡ ነቅዬላታለሁ።»