የአባባ እንግዳወርቅ ጎባጣ ድመቶች

«አባባ... ይቺ ድመት ናት ወይስ ድንች?»

ያለችው አብራን የምትማረው መስቱራ ናት። ወረቀቱን ከአባባ እንግዳወርቅ ፊት አንስታ ለሁላችንም ታሳያለች።

«ድንች ጢም ሲያወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ አባባ፣ ሳይስቁ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ... እኔም ሳቅኩ።

እርሳሴን ያነሳሁት ከሳቅኩ በኋላ ነው።

ቦታው ለንደን ነው፣ አርችዌይ፣ ከካውንስሉ የኪራይ ፎቆች ሥር ያለች ትንሽ አዳራሽ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ልጆቻችንን ትምህርት ቤት አድርሰን እዚያ እንሰበሰባለን፤ ድመትና ውሻ መሳል ልንማር።

የምታስተምረን ሐዊ ናት። እዚሁ የተወለደች፣ ገና ተማሪ።

«ለፈን ነው፣ ሪላክስ አድርጉ» ትላለች። «አንድ ክብ፣ ሁለት ጆሮ፣ ጭራ... በቃ፣ ድመት።»

ለእሷ በቃ ነው።

እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ሰው ፊት እርሳስ ስይዝ እጄን ያልበኛል።

ደግሞ የመጣሁት ለፈን፣ ለመዝናናት አልነበረም...

የልጄ የማህደር ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቶ ነበር። አንድ ጠዋት እናት ወይ አባት ከልጁ ጎን ቁጭ ብሎ የቤት እንስሳ እንዲስል።

ማህደር ለጓደኛዋ ስትነግራት ሰማኋት።

«ማሚ አትመጣም። ማሚ መሳል አትችልም።»

በክፋት አላለችውም። «ዛሬ ዝናብ ነው» እንደማለት ነው ያለችው... እሱ ነው ያመመኝ።

እና በዚያ የመጀመሪያ ሐሙስ ሐዊ ወረቀት አደለችና «ስታርት አድርጉ» አለች።

ማንም አልጀመረም።

«ከበዳችሁ እንዴ?» አለች ግራ ገብቷት።

ነገሩ ሌላ ነው። አባባ እንግዳወርቅ እንደኛው ተማሪ ሆነው መካከላችን ተቀምጠዋል። ታላቅ ሰው ገበታ ላይ እያለ ማን ቀድሞ እጁን ይሰዳል? ወረቀትም ሲሆን ያው ሆነብን። ሳንነጋገር ሁላችንም እሳቸውን ጠበቅን።

አባባ ዞር ዞር ብለው አዩን። እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ትንሽ ቆየ... እርሳሴን ሻርፔ ሥር ደብቄው ነበር።

ከዚያ ሳሉ። ያቺን ድንች።

ከዚያ ወዲህም ያው ነው። ውሻቸው ፍየል ይመስላል፣ ድመታቸው ጎባጣ ናት። መስቱራ ደግሞ አትምራቸውም።

«አባባ፣ ይሄ ውሻዎ ቢጮህ ሌባው አዝኖለት ነው የሚመለስ።»

«ይመለስ እንጂ ምን ቸገረኝ» ይሏታል።

የሁላችንም ሥዕል ከእሳቸው ስለሚሻል ማናችንም አናፍርም። የእኔም ክብ ቀስ በቀስ ክብ ሆነ። ጆሮውም ቦታውን አገኘ...

አንድ ሐሙስ አውቶቡሱ ቶሎ ደረሰና ቀድሜ ገባሁ።

አባባ ብቻቸውን ናቸው። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ነጩ ሰሌዳ ላይ ይስላሉ።

ውሻ ነው።

እንዴት ልንገራችሁ... አንድ ጆሮው ወደቅ ብሏል፣ አንድ እግሩን አንስቷል፣ ጌታውን በር ላይ የሚጠብቅ ውሻ። ብጠራው የሚመጣ ነበር የመሰለኝ።

ኮቴዬን ሰምተው ዞሩ። ቶሎ ብለው በእጅጌያቸው አጠፉት።

«አየሽው?»

«አየሁት፣ አባባ።»

እጅጌያቸውን አራገፉ።

«አዲስ አበባ የሥዕል አስተማሪ ነበርኩ፣ ልጄ። ጡረታ እስክወጣ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ድንች...?»

ፈገግ አሉ።

«የመጀመሪያው ቀን ሁላችሁም እኔን ጠበቃችሁ። ታላቅ ሆኜ ቀድሜ ስስል፣ የሳልኩት ነገር መለኪያ ይሆንባችኋል። ይሄንን ውሻ ስዬላችሁ ቢሆን... አንቺ ያንን እርሳስ ከሻርፕሽ ሥር ታወጪው ነበር?»

«አላወጣውም ነበር።»

«እኮ። በይ ለመስቱራ እንዳትነግሪያት፤ የምትስቅበት ታጣለች።»

ያን ቀንም ፍየል የመሰለ ውሻ ሳሉ። መስቱራም ሳቀችባቸው። እኔ ግን በፊት መሳቄ አሳፍሮኝ ቀና ማለት አቃተኝ።

የትምህርት ቤቱ ቀን ደረሰ... ሄድኩ።

ጉልበቴ ጠረጴዛውን እየነካ ትንሿ ወንበር ላይ ከማህደር ጎን ተቀመጥኩ።

እርሳሴን ላነሳ ስል ፊት ለፊቴ ያለችውን እናት አየኋት። ከየት አገር እንደመጣች አላውቅም። ወረቀቷ ባዶ ነው። ልጇ «ጀምሪ» እያለች ክንዷን ትጎትታታለች፤ እሷ ግን የምታየው የእኔን ወረቀት ነው።

ስንት ሐሙስ የለፋሁባትን ድመት መሳል እችል ነበር። ማህደር በጓደኞቿ ፊት እንድትኮራብኝ የፈለግኩትም በዚያች ድመት ነበር...

ግን የድመቷን አንድ ጆሮ ግንባሯ ላይ አደረግኩት። ጭራዋን ከአንገቷ አወጣሁት።

ማህደር ቀና ብላ አየችኝ።

«ማሚ... ትናንት ቤት የሳልሻት እኮ ቆንጆ ነበረች።»

«ዛሬ እንዲህ ሆና መጣችልኝ።»

ማህደር በሳቅ ፍርስ አለች። ያቺም እናት አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች...

ከዚያ እርሳሷን አነሳች።

አባባ አሁን ልጃቸው ዘንድ ሊድስ ከተማ ገብተዋል። ይህን የጻፍኩት አስፈቅጄያቸው ነው። መስቱራ፣ ካነበብሽው ደውይላቸው።

ከሳቸው የተማርኩት ይሄ ነው... ሰውን የምንረዳው ሁልጊዜ ችሎታችንን በማሳየት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ችሎታ አላጣም፣ ፍርሃት ይዞት ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ቀድሞ የሚሳሳትለት ታላቅ ነው።

እናንተስ... እናንተ እንዳታፍሩ ብሎ ራሱን መሳቂያ ያደረገላችሁ ሰው አለ?

ቆም ብላችሁ አስቡና ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ምናልባት ያኔ ከሌሎቹ ጋር አብራችሁ ስቃችሁበት ይሆናል...