የአንዷለም ሾፌሮች

ጌጤ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስታራግፍ ነው። ልታጥብ እንበል እንጂ፣ ሱሪው ከታጠበ ገና ሦስት ቀኑ ነበር።

ከኪሱ ትንሽ ደብተር ወጣ። አንዷለም የወረዳ ቢሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ጽሕፈቱ ቁልጭ ያለ ነው። “የመጀመሪያው ሾፌር ተሰናብቷል። አዲሱ ጎበዝ ነው፣ ናፍጣ ግን ያበዛል። ሁለት የኋላ ጎማ፣ ዐሥራ ስድስት ሺህ ብር። የባንክ ብድር፣ የዚህ ወር ተከፍሏል” ይላል።

እዚያው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቁጭ አለች። የምን ሾፌር? የምን ባንክ? የአንዷለም ደመወዝ እንኳን የመኪና ጎማ የብስክሌት ጎማም አይገዛም።

ባንክ ብር የሚሰጠው የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ነው። እነሱ ዘንድ ደግሞ የሚያዝ ነገር ቢኖር ቤቱ ብቻ ነው። አባቷ በማሽላ ንግድ ለፍቶ ቆቦ አስፋልት ዳር የሠራው፣ እሷም ፊት ለፊቱን ሱቅ አድርጋ ሁለት ልጆች ያሳደገችበት ቤት። ቤቱ ከሄደ ጌጤ የምትጠጋበት የላትም። ባለፈው ጥቅምት አንዷለም የቤቱ ካርታ ይታደስ ብሎ ወልድያ ወስዷት ነበር፤ ፈርሚ ያላት ቦታ ሁሉ ፈርማለች። ወረቀት የእሱ ሥራ ነው፣ ምን ብላ ታንብበው?

ደብተሩን ኪሱ መለሰችና ዝም አለች። ዝም አለች ማለት ግን ተወችው ማለት አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግር በእግር ትከታተለው ጀመር። ስልክ ሲጠራ ጓሮ ይወጣል። ቅዳሜ ከሰዓት “ስብሰባ” ይላል፤ የትኛው መንግሥት ነው ቅዳሜ ከሰዓት መዝገብ ቤት የሚሰበስበው? ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቀልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው። ምን ሆንክ ስትለው ሥራ በዛ ይላታል። እሷም ምግቡን ታቀርብለታለች፣ በሆዷ ግን ትረግመዋለች።

ጭንቁ ሲጠናባት ለጎረቤቷ ለመይሙና ነገረቻት። መይሙና በከተማው የተሸጠና የተገዛ የማያመልጣት ሴት ናት። ሳቀችባት።

“መኪና ቢገዛማ ዱዓ ያስደርግ ነበር። ክርስቲያን ሆነ እስላም፣ እዚህ አገር በግ ሳያርድ፣ ሽማግሌ ሳያስመርቅ መኪና መንገድ ላይ ያወጣ ማን አለ? አብሽሪ፣ ወላሂ መኪና የለውም።”

እውነቷን ነው። ቆቦ ላይ ባጃጅ የገዛ እንኳ ሰፈሩን ጠርቶ ያበላል። ሳያስመርቅ የሚነዳን ሰው የሰረቀው ይመስል ነው የሚያዩት። ጌጤ ትንሽ ቀለል አላት፤ የብድሩ ነገር ግን አልዋጥላት አለ። መኪና ከሌለው ብሩ የት ገባ?

ቅዳሜ ሱቁን ለመይሙና አደራ ብላ በባጃጅ ተከተለችው። አንዷለም መናኸሪያውን አለፈና፣ ኤፍሬም የሚባል ወጣት ኮምፒውተር ደርድሮ በሰዓት ሒሳብ ጌም የሚያጫውትበት የቆርቆሮ ቤት ገባ። ጌጤ ትንሽ ቆይታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

ባሏ ከጎረምሶች መሐል ተኮፍሶ ተቀምጧል። ከፊቱ ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ተሳቢ በረዶ በሞላበት የፈረንጅ አገር መንገድ ይከንፋል። የሚነዳው እሱ ነው፤ ምላሱን ነከስ አድርጎ።

ኤፍሬም ማን መሆኗን ሲያውቅ ኮራ ብሎ አስረዳት።

“ጋሽ አንዷለም እኮ የዚህ ቤት ትልቁ ባለሀብት ናቸው፣ እትዬ። ጨዋታው ውስጥ ኩባንያ አላቸው። ሾፌር ይቀጥራሉ፣ ያባርራሉ፣ የናፍጣ ይከፍላሉ። ከባንክ ተበድረውም ጋራዥ ገዝተዋል።”

እውነትም ስክሪኑ ላይ የሾፌሮቹ ፎቶ ተደርድሯል፤ ከጎኑ የፈረንጅ ገንዘብ ምልክት ያለበት ቁጥር። ጌጤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው? አንዷለም ዞር ብሎ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

“ደብተሩ ላይ የምትጽፈው ይሄንን ነው?” አለችው።

አንዷለም ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ።

“ይሄንኑ ነው” አላት።

በዚህ ዕድሜህ አታፍርም ብላ ትከሻውን ገፋ አደረገችውና ወጣች። ቤቷ ስትገባ ለማንኛውም ብላ ሣጥኑን ከፈተች። ካርታው ከልብሶቿ ሥር እጥፍ ብሎ ተቀምጧል። ታድሶ ነጭ ሆኗል፣ ሰማያዊ የነበረው ማኅተምም ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል። ሳመችውና መለሰችው። ባሏን ያማችው ሁሉ ጸጸታትና በማግሥቱ ዶሮ ሠራችለት። አንዷለም ግን ብዙም አልበላም።

ሰኞ ጧት ሱቋ በር ላይ የባሏን የኩባንያ ወሬ ለመይሙና ታወራለች፤ በባዶ እጇ መሪ እያዞረች፣ ምላሷን እንደሱ ነከስ እያደረገች። ሁለቱም በሳቅ ሞተዋል። ወዲያው ግንባሩን በጨርቅ ያሰረ፣ አቧራ የለበሰ ሰው ከባጃጅ ወርዶ የአንዷለም ቤት ይሄ እንደሆነ ጠየቀ። ጌጤ ሳቋን ሳትጨርስ፣ ነው፣ ምን ነበር አለችው።

“ስልካቸውን አላነሡ ብለውኝ ነው። የመኪናቸው ሾፌር ነኝ፤ ዋጃ ላይ ተገልብጦብኝ ተቃጠለ።”