ቶሎ የሚበላሸውን ጫንልኝ

«ልጄ... ኮምፒውተር ላይ ከምትጭኗቸው ከእነዚህ ሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚበላሸው የቱ ነው?»

የያዝኩት ብሎን ከእጄ ወደቀ...

እዚህ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ኮምፒውተር ስጠግን ኖሬ «የማይበላሽ ስጠኝ» ያላለኝ ደንበኛ የለም። የሚበላሽ ስጠኝ ያለኝ ግን... ኧረ በፍጹም!

ጠያቂዋ እትዬ ራቢያ ናቸው።

ሆጤ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። ለሰው ማመልከቻ ይተይባሉ፣ ፕሪንት ያደርጋሉ፣ ማታ ቆልፈው ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ቤታቸው ይገባሉ።

ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው፣ አቅፈውት ነው የመጡት።

ከፍቼ አየሁት። ማሽኑን የሚያስነሳው ዋና ፕሮግራም ሊነክስ ነው። የጫነው ሰው እጁ ይባረክ... አሮጌው ማሽን እንደ አዲስ ይሮጣል!

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ምንም አልሆነም!»

«እሱን አጣሁት? የተጫነውን ቀይርልኝ ነው የምልህ።»

እሺ አልኩና ማስረዳት ጀመርኩ። እናንተም ኢንቦክስ ላይ «አድሚን የቱ ይሻላል?» እያላችሁ ስለምታደርቁኝ፣ በዚያው ስሙኝ...

«ሊነክስ ለእንዲህ ዓይነት አሮጌ ማሽን ነው። ቀላል ነው፣ በነፃ ነው፣ ቫይረስም እምብዛም አይደፍረውም።»

«ዊንዶውስ ደግሞ ለቢሮ ሥራ ነው። ፕሪንተሩም፣ ስካነሩም፣ የሒሳብ ፕሮግራሙም አብዛኛው ለእሱ ተብሎ የተሠራ ነው። ጌም የሚወድም እሱን ነው የሚይዘው። ግን የሰው ፍላሽ በገባ ቁጥር ካልተጠነቀቁ ይታመማል።»

«ማክን የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩት ልጆች ይሞቱለታል። እሱ ግን ከነማሽኑ ነው የሚገዛው፣ ለእርስዎ አይሆንም።»

አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝ።

«ያ ፍላሽ ሲገባ የሚታመመው... ዊንዶውስ ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ ካልተጠነቀቁ።»

«እሱን ጫንልኝ።»

ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው ጤና ትቶ በሽታ ይገዛል?!

«እትዬ ራቢያ፣ ማን ነው ይሄን የጫነልዎት? ምን በደለዎት?»

«ከሊድ ነው... ልጄ።»

ከሊድ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ያላቸው ልጅም እሱ ብቻ ነው።

ፎጣውን ያጥፉታል፣ ይፈቱታል...

«ያኔ ያ ዊንዶውስ ያልከኝ እያለ ይበላሽ ነበር። ሲበላሽ እደውልለታለሁ፣ ዳገቱን ወጥቶ ይመጣል። 'እማ ደግሞ የማንን ፍላሽ ሰካሽ?' እያለ ይቆጣኛል። ይጠግናል፣ ምሳ እንበላለን፣ የሥራውን ወሬ ያወራኛል... ወላሂ ቁጣው ራሱ ይናፍቀኛል።»

«አሁንስ?»

«ባለፈው ዒድ መጥቶ ይሄን ጫነልኝ። 'አብሽሪ እማ፣ ከእንግዲህ አይበላሽም' ብሎ ስሞኝ ሄደ።»



«እውነቱን ነው... አልተበላሸም። እሱም አልመጣም።»

 

«አይደውልም?»

«ይደውላል እንጂ! 'ደህና ነሽ?' ይለኛል፣ 'አልሃምዱሊላህ' እለዋለሁ፣ 'ሥራ ላይ ነኝ እማ' ይላል... አለቀ። ሥራ ላይ ያለን ሰው ናፈቅኸኝ ብዬ ላስጨንቀው? ኮምፒውተር ሲበላሽ ግን ይገባዋል።»

ንድድ አለኝ! ደሴና ኮምቦልቻ እኮ ነው የምናወራው! ሚኒባስ ውስጥ ወሬ ሳትጨርስ የምትደርስበት ቦታ!

ቁጥሩን ተቀብዬ ደወልኩ። ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ከሊድ፣ የእናትህ ላፕቶፕ እኔ ሱቅ ነው ያለው...»

«እንዴት? ሊነክስ እኮ ነው! በቃ ኔት ላይ አድርገው፣ ከዚሁ ሆኜ እገባበታለሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ እንድሠራው አድርጌ ነው የጫንኩት።»

ልሰድበው አፌን ስከፍት እትዬ ራቢያ እጄን ያዙኝ... ዝም በል፣ ይግባ ማለታቸው ነው።

አገናኘሁት።

የማውሷ ቀስት ማንም ሳይነካት መንቀሳቀስ ጀመረች። ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች፣ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች...

እትዬ ራቢያ መነጽራቸውን አደረጉ። ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

«እሱ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ እሱ ነው የሚያንቀሳቅሳት።»

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ቀስቷን ተከተሏት። በሄደችበት ሁሉ ይከተሏታል...

«ምሳ በላህ የኔ አበባ?»

ለእኔ አልነበረም። ለስልኩም አልነበረም። ለቀስቷ ነበር።

ስልኩ ግን አልተዘጋም... ከሊድ ሰማ።

ቀስቷ መሐል ላይ ቆመች።

«ሃሎ?» አልኩ።  

ድንገት የመጻፊያው ገጽ ተከፈተ። አንድ ፊደል... ሌላ ፊደል...

«እማ ምሳ አልበላሁም። እየመጣሁ ነው።»

የሰው ማመልከቻ ሲተይቡ የኖሩ ሴት፣ ያቺን አንዲት መስመር ደጋግመው አነበቧት። ከዚያ ብድግ!

«በል ቶሎ ጠቅልልልኝ! ቤት ምንም አልሠራሁም!»

እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣብኝ። እሳቸው ግን በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ...

«ስማ... ያን የሚታመመውን... ሌላ ጊዜ ቢያስፈልገኝ ትጭንልኛለህ አይደል?»

 ልጃቸው እየመጣ እንኳ፣ የሚቀጥለውን ብቸኝነት ነው የሚያስቡት!

ወገኖቼ... ለአሮጌ ማሽን ሊነክስ፣ ለቢሮ ዊንዶውስ፣ ለቪዲዮ ማክ እያልን እንከራከር፣ ግድ የለም። እናት ግን ከቢሮ ሆነው የሚገቡባት ማሽን አይደለችም። የሚበላሽ ነገር እስኪገኝ አትጠብቁ፤ ሁሉም ደህና እያለ ሂዱ።

እስቲ እናንተ... ምንም ሳይበላሽ፣ ማንም ሳይታመም፣ እንዲያው ዝም ብላችሁ እናታችሁ ቤት የሄዳችሁት መቼ ነው?

ከታች ጻፉ... እንዳትዋሹኝ ብቻ!